የስኮፑ ክሊፕ ፓወር ሰፕላይ ላይ ሲነካ ብሬከር ከጣለ

ምልክቱ ሁሌም አንድ ነው። የቲቪ ወይም የቻርጀር ፓወር ሰፕላይ በስኮፕ (ኦሲሎስኮፕ፣ የቮልቴጅን ቅርጽ በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) ለመለካት የፕሮቡን (የመለኪያ ገመዱን) ክሊፕ ትልቁ ካፓሲተር ኔጌቲቭ ላይ ስታስይዝ ጧ! ይላል። ብሬከር ይወርዳል፣ የክሊፑ ጥርስ ይጠቁራል፣ ብሪጅ ዳዮዱ (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ሾርት ይሆናል። ሲብስ ከስኮፑ ቢኤንሲ (ፕሮቡ የሚሰካበት) ሥር ያለው የቦርድ መስመር ይተናል።

ምክንያቱ፦ ክሊፑ በሻሲው በኩል በቀጥታ ከስፒናው ኧርዝ (የመሬት መስመር) ጋር ተያይዟል። ስኮፑን ከሶኬት ነቅለህ ከክሊፑ እስከ ስፒናው ኧርዝ በቴስተር ለካው፤ ይጮሃል። የፕራይመሪው (የፓወር ሰፕላዩ ከመብራት መስመር ጋር የተያያዘው ወገን) ኔጌቲቭ ደግሞ ቦርዱ ላይ «ግራውንድ» ተብሎ ቢጻፍም ኧርዝ አይደለም። በ220 ቮልት መስመር ከኧርዝ አንጻር እስከ 310 ቮልት ድረስ ወደ ኔጌቲቭ ይወርዳል። ክሊፑን ስታስይዝ ፌዙን በብሪጁ በኩል ከኧርዝ ጋር አገናኘኸው።

መፍትሄው አይሶሌሽን ትራንስፎርመር (መግቢያውና ውጪው በሽቦ የማይገናኙ) ነው፤ የሚሰካበትም የሚጠገነው ዕቃ እንጂ ስኮፑ አይደለም። ለቻርጀር 100 ቮልት አምፔር ይበቃል፣ ለቲቪ 300 እና ከዚያ በላይ ፈልግ። ካጣህ ሁለት እኩል የ220/24 ትራንስፎርመሮችን በ24ቱ በኩል አገናኝ፤ ከ220 ትንሽ ዝቅ ያለ ይወጣል። ቫሪያክ (ቮልቴጅ በማዞር የሚያስተካክል ትራንስፎርመር) አይሶሌሽን አይደለም! አንድ ጥቅል ብቻ ነው ያለው። የገዛኸውንም ሳትሰካው ለካ፤ ከውጪው ወደ መግቢያውም ወደ ኧርዝም ኦም ማሳየት የለበትም፤ አንዳንዱ ውጪውን ከኧርዝ አያይዞ ይመጣል።

የስኮፑን ኧርዝ በቴፕ ሸፍኖ ወይም ኧርዝ በሌለው ዲቫይደር አሳልፎ መሥራት ግን ጥገና ሳይሆን ወጥመድ ነው። ብሬከሩ አይወርድም፣ አዎ። ግን ሻሲው፣ የሌላው ቻናል ቢኤንሲ፣ የዩኤስቢው ቀዳዳ ሁሉም ፌዝ ይሆናሉ፤ ቁልፍ ልታዞር የዘረጋኸው እጅ ያገኘዋል።

ትራንስፎርመር ስላለህም አትዘናጋ። ክሊፑ እንደተያያዘ ፕራይመሪው እንደገና ከኧርዝ ጋር ሆኗል፤ ያኔ የሞስፌቱን (የፕራይመሪውን ማብሪያ ማጥፊያ ትራንዚስተር) ድሬይን እግር ብትነካ ይይዝሃል፣ ወደ ኧርዝ የሚፈስ ከረንት ሲያገኝ የሚወርደው ሊኬጅ ብሬከርም አያይልህም። የሁለቱ ቻናል ክሊፖች ውስጥ ለውስጥ አንድ ናቸውና አንዱን ፕራይመሪ ሌላውን ሴኮንደሪ (ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚወጣበት ወገን) ላይ አታድርግ። ሴኮንደሪ ለመለካት ክሊፑን መጀመሪያ ንቀል።

የስኮፑ ብረት ጣት ላይ ከነዘረ ሶኬቱ ኧርዝ የለውም፤ ከሻሲው ወደ ኧርዝ 110 ቮልት አካባቢ ታያለህ፣ ከውስጥ ፊልተሩ የሚመጣ ነው።

ፕሮብ ከማንሳትህ በፊት ካፓሲተሩን በ10 ኪሎ ኦም 5 ዋት ሬዚስተር አራግፈህ በቴስተር አረጋግጥ። በካቻቢቴ አይራገፍም።