ሥዕላዊ የልጆች መጽሐፍን በተዋንያን ወደሚሠራ ፊልም ለማምጣት

አብዛኛው ሥዕላዊ የልጆች መጽሐፍ 32 ገጽ ነው። ረጋ ብሎ ለሚያነብ ሰው እንኳ ብዙውን ጊዜ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ፊልሙ ግን ዘጠና ደቂቃ ይፈልጋል። የቀረው ከየት ይምጣ? ብዙ ጸሐፊ አንድ ክፉ ሰው፣ አንድ የተደበቀ ሀብትና አንድ ረጅም ማሳደድ ፈጥሮ ይሞላዋል። የመጀመሪያ ሥራዬን እኔም እንዲሁ ነበር የጻፍኩት፤ መጽሐፉን በቃላቸው የሚያውቁ ልጆች የእነሱ ታሪክ መሆኑን ሳይለዩት ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ አንድ ነገር ከመጨመሬ በፊት መጽሐፉ ውስጥ ያለውን እስከ መጨረሻው እፈልጋለሁ።

የመብቱን ጉዳይ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ደራሲውና ሠዓሊው ሁለት ሰዎች ከሆኑ የጽሑፉ መብት የአንዱ፣ የሥዕሉ የሌላው ሊሆን ስለሚችል ከደራሲው ጋር ብቻ መስማማት አይበቃም። ሙሉ ገንዘቡ ካልተገኘ መብቱን ለተወሰነ ጊዜ የሚያቆይ ውል መዋዋል ይቻላል።

ከዚያ መጽሐፉን ለልጅ አንብቡ፤ ዓይናችሁ ግን ከልጁ ጣት ላይ አይነሳ። አንድ ጊዜ ለአምስት ዓመት ልጅ ሳነብ ጽሑፉ የሚናገረው ስለተኛ ድብ ነበር። እሷ ድቡን ትታ በገጹ ጥግ ባለች፣ ጥፍር በምታህል መስኮት ላይ ጣቷን አሳረፈችና «እዚህ ውስጥ ያለው ለምን አልተኛም?» አለችኝ። በመስኮቷ ብርሃን ይታይ ነበር። ስለ መስኮቷ በጽሑፉ አንድም ቃል የለም፤ ሠዓሊው ግን ሥሏታል። የፊልሙ ሁለተኛ አጋማሽ የተወለደው ከዚያች መስኮት ነው።

ቀጥሎ የገጾቹን ቅጂ በቅደም ተከተል ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ በየመካከሉ አንድ ስንዝር ክፍት ተዉ። በክፍቱ ቦታ፣ ገጹ ሲገለጥ የሆነውን ጻፉ። በአንዱ ገጽ ልጁ በር ላይ ቆሟል፤ በሚቀጥለው ጫካ ውስጥ ነው። በሩን ማን ከፈተለት? ጫማ አድርጓል? እናቱን ተሰናብቷል? ሥዕሉ የዘለለውን ይህን ሁሉ ፊልሙ ማሳየት ይችላል።

ደራሲና ሠዓሊው ሞሪስ ሴንዳክ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተመው፣ ስለ ልጁ ማክስና ስለ አውሬዎቹ የሚተርከው «Where the Wild Things Are» የተባለ መጽሐፍ 338 ቃላት ብቻ አሉት። የፊልም ዳይሬክተሩ ስፓይክ ጆንዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚረዝም ፊልም ሲያደርገው፣ ከጸሐፊው ዴቭ ኤገርስ ጋር ሆነው ጊዜውን የሰጡት ለልጁ ቁጣና ብቸኝነት ነው። ለአውሬዎቹም ስምና የየራሳቸው ቅሬታ ሰጧቸው። በመጽሐፉ ጫካው የሚበቅለው መኝታ ቤቱ ውስጥ ነው፤ በፊልሙ ልጁ ከቤት ሮጦ ይወጣል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ቁጣው ግን ያው ስለሆነ መጽሐፉ አልጠፋም። አውሬዎቹን ትልልቅ ልብስ የለበሱ ተዋንያን ተጫወቷቸው፤ ኮምፒውተር የተጨመረው ለፊታቸው እንቅስቃሴ ነው። እናንተም ብትችሉ ይህንን መንገድ ተከተሉ። ባዶ አየር እያየ እንዲፈራ የታዘዘ ሕፃን ፊቱ ይደርቃል፤ ጠጉር የሚዳስስ፣ ትንፋሽ የሚሰማ ሕፃን ግን ትወናውን ይረሳዋል።

ልጆች አብረው የሚሉትን ዐረፍተ ነገር አትንኩ፤ አንድ ቃል ብትቀይሩ ወዲያው ያውቃሉ። ካሜራውን ሠዓሊው ባየበት ከፍታ ላይ አድርጉ፤ ብዙ ጊዜ ከልጁ ዓይን ትይዩ ነው።

የመጀመሪያው ቅንብር እንዳለቀ ለጥቂት ልጆች አሳዩ። «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ትልቅ ሰውን ላለማስከፋት አዎ ይላሉ። ወደ ጎን ተቀምጣችሁ እግራቸውን ተመልከቱ፤ መወዛወዝ የጀመረበትን ደቂቃ ጻፉና በማግሥቱ ሥራውን ከዚያ ቀጥሉ።