ልጃችሁ ለዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት፦ ግፊቱን ከልጁ ላይ አንስቶ ወረቀቱ ላይ ማሳረፍ

ሃርቫርድ፣ ዬል ወይም ስታንፎርድ ከሚያመለክቱላቸው 100 ልጆች 5 እንኳ አይቀበሉም። ከሚመልሷቸው ውስጥ ብዙዎቹ ሪፖርት ካርዳቸው ላይ ከኤ ሌላ ፊደል የሌለባቸው ናቸው። በልጁ እጅ ያለው መማሩና ማመልከቱ ብቻ ነው። አሜሪካ ባለው የሐበሻ ቤት ግን ጭቅጭቁ ሁሉ መግባቱ ላይ ያርፋል። ወላጅ ብቻ ሊሠራው የሚችለው ሥራ፣ ታክሱ፣ ፋፍሳው (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ የሚጠየቅበት ፎርም)፣ "ይህን ያህል እንከፍላለን" የሚለው ቁርጥ ያለ ቃል፣ እስከ መጨረሻዋ ሌሊት ይከርማል። ከዚህ በታች ያለውን ከ11ኛ ክፍል መገባደጃ ጀምራችሁ ልጁ ምርጫውን እስከሚያሳውቅበት እስከ ሜይ 1 በቅደም ተከተል ሥሩት።

መጀመሪያ ብሩ

ልጁ የትምህርት ቤት ዝርዝር ከማውጣቱ በፊት ያለፈውን ዓመት ታክስ፣ የደመወዝ ወረቀትና የባንክ ሒሳባችሁን ይዛችሁ አብራችሁ ቁጭ በሉ። እያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ ቤተሰቡ በእርግጥ የሚከፍለውን የሚገምት ማስያ እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድደዋል፤ "ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር" ይባላል። ለሦስት ዓይነት ትምህርት ቤት ሙሉት፦ ለአንድ ስመ ጥር የግል ዩኒቨርሲቲ፣ ለግዛታችሁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ለአንድ ስሙ ብዙም ለማይታወቅ የግል ኮሌጅ።

ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከጠበቃችሁት ተቃራኒ ነው። ሃርቫርድ ከ2025 መኸር ጀምሮ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ100,000 ዶላር በታች የሆነና የተለመደ ያህል ንብረት ያላቸውን ቤተሰቦች ምንም አያስከፍልም፤ እስከ 200,000 ለሚያገኙት ደግሞ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል። የሚያከስሩት ዋጋቸው እንደ ሃርቫርድ ሆኖ ካዝናቸው ግን እንደ ሃርቫርድ ያልሆነ ትምህርት ቤቶች ናቸው።

ከዚያ አንድ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ በዓመት ከኪሳችን የሚወጣው ይህ ነው። ለልጁ አሁኑኑ ንገሩት። "አንተ ግባ እንጂ ለብሩ እግዜር ያውቃል" የሚለው አባባል ኤፕሪል ላይ ቤት ያፈርሳል፤ ልጁ ገብቶ፣ ደስ ብሎት፣ አይቻልም ይባላል። ልጁ ራሱ ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 5,500 ዶላር ነው። በወላጅ ስም የሚወሰደው የፌዴራል ብድር ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በድምሩ 65,000 ዶላር ተገድቧል። የቀረውን የግል ባንክ ሊሞላው ይችላል፤ እዚያ ላይ ስትፈርሙ ግን ዕዳው የእናንተም ዕዳ ነው።

ዝርዝሩ

ከ8 እስከ 10 ትምህርት ቤት ይበቃል። 2 ወይም 3 ከባድ፣ 4 የሚመጥኑ፣ 2 ወይም 3 ደግሞ በውጤቱም በብሩም እርግጠኛ የሆኑ። ኮመን አፕ የሚባለው የብዙ ኮሌጆች የጋራ ማመልከቻ እስከ 20 ቢፈቅድም እያንዳንዱ ስመ ጥር ትምህርት ቤት የራሱን ተጨማሪ ጽሑፍ ይጠይቃል፤ 15 ላይ የደረሰ ልጅ አንዱን ጽሑፍ ስሙን እየቀያየረ መላክ ይጀምራል፣ አንባቢዎቹም ያውቁበታል።

ከባዶቹ ይቅሩ አንልም። ስቴሲ ዴልና አላን ክሩገር የተባሉ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ውጤት ይዘው ለተመሳሳይ ቦታ ያመለከቱ ተማሪዎችን ሲያነጻጽሩ፣ ስም ያለው ትምህርት ቤት መግባት ለአብዛኞቹ የኋላ ገቢያቸውን ብዙም እንዳልለወጠው አገኙ። ለጥቁር ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ብዙ ላልተማሩ ልጆች ግን ለውጥ ነበረው። ስለዚህ የወላጅ ጉጉት ከንቱ አይደለም፤ ይሞከር።

አስቸጋሪው እርግጠኛዎቹን የምታነሱበት አንደበት ነው። "ሌላው ሁሉ ከከሸፈ እዚያ ትገባለህ" የተባለ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጁ የሚገባው እንደ ተቀጣ ሆኖ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የሁለት ዓመቱ የሞንትጎመሪ ኮሌጅ ተማሪ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚሻገርበት ፕሮግራም አለ። ኖቫ የሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ የሁለት ዓመት ኮሌጅም ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የቅበላ ዋስትና ስምምነት አለው፤ የተባለውን ነጥብ ያሟላ ልጅ ይሻገራል፣ ዲግሪውም ላይ የሚጻፈው የጨረሰበት ነው። ይህን መንገድ ከልባችሁ በክብር መናገር ካልቻላችሁ ዝርዝሩ ውስጥ አታስገቡት።

"ኧርሊ ዲሲዥን" የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር 1 የሚዘጋው ማመልከቻ፣ ግዴታ ያስገባል፦ ከተቀበሉት መሄድ ነው። ወላጅም ይፈርምበታል። ማስያው ያሳያችሁ ቁጥር ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ አትፈርሙ።

ስለ "ዶክተር"

አሜሪካ ውስጥ ሕክምና ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚገባበት ነው፤ 4 ዓመት ኮሌጅ፣ 4 ዓመት የሕክምና ትምህርት፣ ከዚያ ቢያንስ 3 ዓመት ሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ መሠልጠን። "ፕሪ ሜድ" የትምህርት ዘርፍ ስም አይደለም። ልጁ ታሪክ ወይም ሙዚቃ እያጠና ባዮሎጂውን፣ ኬሚስትሪውንና ፊዚክሱን ከወሰደ፣ ኤምካት የሚባለውንም የመግቢያ ፈተና ከተፈተነ ማመልከት ይችላል። በ17 ዓመቱ እንዲምል ማድረግ ትርፉ ምን እንደሆነ አይገባንም።

ወረቀቱ፦ የእናንተ ፈተና

ፋፍሳ ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። ልጁም ወላጅም ለየብቻ አካውንት ያስፈልጋቸዋል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም መክፈት ይችላል። ወላጅ ገብቶ የታክስ መረጃው እንዲወሰድ ካልፈቀደ ልጁ የፌዴራል እርዳታ አያገኝም።

እኛ ዘንድ የሚያሰናክለው መጀመሪያ ስም ነው። ስምና የትውልድ ቀን ሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መሆን አለበት። ገብረ ማርያም አንድ ቦታ ተቀጥሎ፣ ሌላ ቦታ ተነጥሎ ከተጻፈ፣ ወይም ልደቱ አንዱ ወረቀት ላይ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ፎርሙ ይመለሳል። የእናት፣ የአባትና የልጅ የመጨረሻ ስም መለያየቱ ግን ችግር የለውም።

ሁለተኛው ንብረት ነው። የምትኖሩበት ቤትና የጡረታ ቁጠባ ፋፍሳ ላይ አይቆጠሩም። አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየም ግን ይቆጠራል፤ ዕዳው ተቀንሶ ዋጋው ይሞላል። መደበቅ በገንዘብና በእስራት የሚያስቀጣ ነው። አገር ቤት በየወሩ የምትልኩትን ፎርሙ አይጠይቃችሁም፤ የላካችሁበትን ደረሰኝ ሰብስባችሁ ለትምህርት ቤቱ የእርዳታ ቢሮ በደብዳቤ አስረዱ። ለሁሉም ባይቀነስም፣ ካልተነገራቸው ከየትም አያውቁትም።

ብዙ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሌላ ፎርም ይጨምራሉ፤ ብዙዎቹ በዚያኛው ላይ የምትኖሩበትንም ቤት ያያሉ።

ጽሑፉ

ልጁ ስለ ራሱ ጽፎ ከማመልከቻው ጋር የሚልከው ዋናው ጽሑፍ ከ650 ቃላት አይበልጥም። የልጁ ነው፤ ካላሳያችሁ አትጠይቁ። በሱዳን በረሃ ያለፋችሁበትን ታሪክ እንዲጽፍ አትጫኑት። ራሱ መጻፍ ከፈለገ ደግሞ እናንተን ቢያስፈቅድ ያምርበታል፤ ታሪኩ የእናንተ ነውና።

የቤቱ ንግግር

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ እሁድ ከቡና በኋላ፣ 30 ደቂቃ ለኮሌጅ ወሬ መድቡ። ከዚያ ውጭ አይነሣ፤ በመኪና ውስጥም፣ እራት ላይም። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ረድፍ ይኑር፦ የልጁ ሥራና የእናንተ ሥራ። የእናንተ ረድፍ ካልተሰረዘ የእሱን አትጠይቁ።

"ስንት አመጣህ?" ቀርቶ "የከበደህ የቱ ነው?" ይሁን። "ለአንተ ስል ነው ሌሊት ኡበር የምነዳው" የሚለው እውነት ቢሆንም ልጁ የሚሰማው ዕዳ ነው፤ በ17 ዓመቱ ሊከፍለው ስለማይችል ውጤቱን መደበቅ ይጀምራል። ማኅበር ላይ "ልጅሽ የት ገባች?" ላለ ሰው አንድ መልስ አዘጋጁ፦ "እያመለከተች ነው፤ ሲታወቅ ራሷ ትነግራችኋለች።" ልጅቷ ይህን በጆሮዋ ብትሰማው ጥሩ ነው።

በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልጋል። ምግብ ከተወ፣ ጓደኛ ከሸሸ፣ የሚወደውን ነገር ካቆመ፣ "እኔ ባልኖር ይሻላችኋል" ዓይነት ቃል ከተናገረ ማመልከቻው ሁሉ ይቁም። በቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ወደተከፈተው የእርዳታ መስመር ወደ 988 ቀንም ሌሊትም ይደወላል፣ በጽሑፍም ይላካል። ጸሎቱም ጠበሉም ሐኪም ዘንድ ከመሄድ አያግድም።

ከማርች እስከ ሜይ 1

ውጤቱን ልጁ ብቻውን ይክፈት። ካልተቀበሉት በዚያ ቀን "ብታጠና ኖሮ" አይባልም፤ ምክንያቱን እናንተም አታውቁትም።

የእርዳታ ደብዳቤዎችን ስታነጻጽሩ ከጠቅላላው ወጪ ላይ የማይመለሰውን ብቻ፣ ግራንትና ስኮላርሺፕ፣ ቀንሱ። ብድርና ካምፓስ ውስጥ ተሠርቶ የሚገኝ ደመወዝ በዚያው ወረቀት ላይ "እርዳታ" ተብለው ይሰለፋሉ፤ አይቀነሱም። ሥራ ከለቀቃችሁ ወይም ገቢያችሁ ከታክሱ ወዲህ ከወረደ ማስረጃ አያይዛችሁ እንደገና እንዲታይላችሁ ጻፉ።

ኦገስት ከመድረሱ በፊት አንድ ነገር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ልጁ ኮሌጅ ሲገባ የውጤቱ መዝገብ በፌዴራል ሕግ የእሱ ይሆናል፤ ከፋይ መሆናችሁ ብቻውን ለማየት አያበቃችሁም። የሴሚስተር ውጤቱን መቼ እንደሚያሳያችሁ፣ ስኮላርሺፑ እንዳይነጠቅ ስንት ነጥብ መጠበቅ እንዳለበት፣ ነጥቡ ሲወርድ መጀመሪያ ለማን እንደሚደውል ጻፉና ሁላችሁም አንዳንድ ኮፒ ያዙ።