ገበያ ሲዘጋ በምን እንለዋወጥ?

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ባንክ ተዘጋ። መብራት ሄደ። ስልክ ተቋረጠ። እስከ ኅዳር መገባደጃ ድረስ እንደዚያው ቆየን። ባንክ ውስጥ ብር ያለውም የሌለውም እኩል ሆነ። ሰውን ያቆየው ጓዳ ውስጥ ያለ እህልና "ጨው አለሽ?" ተብሎ የሚንኳኳ የጎረቤት በር ነው።

እኔ ደሴ ውስጥ የሰፈራችንን የሴቶች ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን፣ መዝገብ እይዛለሁ። ከዚያ ወዲህ ቅሬያችን ከለቅሶና ከቀብር ጎን ለጎን ሌላ ሥራ ይዟል። ዕቃ በዕቃ እንለዋወጣለን፤ ለክፉ ቀንም እያንዳንዳችን በየቤታችን እናስቀምጣለን። ከሌላ ሰፈርና ከሌላ ከተማ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸውና አሠራራችንን እንዲህ ልጻፈው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ልውውጥ በክፉ ቀን አይጀመርም። በክፉ ቀን ያለው ሰው ይሰስታል፣ የሌለው ያፍራል፣ ሁለቱም ይጠራጠራሉ። በደህናው ጊዜ ምስር ሰጥታችሁ ዘይት የተቀበላችኋትን ሴት ግን ታውቋታላችሁ። ጣሳዋን ታውቃላችሁ። በርበሬዋ ንጹሕ መሆኑን ታውቃላችሁ። እሷም እናንተን ታውቃለች። ስለዚህ ሱቁ ክፍት እያለ፣ ብሩም እየሠራ፣ በትንሽ በትንሹ ጀምሩት።

ደግሞ ወሎ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። የባቲን የሰኞ ገበያ ያየ ያውቀዋል። የአፋር ጨውና ፍየል ከደጋው እህል ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው። አሞሌ ጨው ራሱ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ገንዘብ ሆኖ ይሠራ ነበር። የቆላው ማሽላና ማሾ፣ የደጋው ገብስና ባቄላ ሁሌም ይፈላለጋሉ። እኛ የጨመርነው ነገር ቢኖር መዝገብ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የራስን ጓዳ

ባዶ ጓዳ ይዞ የሚለዋወጥ የለም። በአገራችን ለእርዳታ ሲታደል የኖረው ሙሉ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። እኔም የምነሣው ከዚያ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለአንድ ወር 75 ኪሎ እህል፣ 7.5 ኪሎ ጥራጥሬ፣ ከሁለት ሊትር ትንሽ ከፍ ያለ ዘይት ያስፈልገዋል። ይህን ባንድ ጊዜ ግዙ አልልም፤ ኑሮው አይፈቅድም። አዝመራ ገብቶ እህል ረከስ በሚልበት በታኅሣሥና በጥር ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ልግዛ ካላችሁ ዋጋው ወገብ ይቆርጣል።

ምን እናስቀምጥ ለሚለው፣ ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም። ዓመታት ይቆያል። ማሽላ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ሽምብራ ግን ነቀዝ ይወዳቸዋል። ለእነሱ ሦስት ድርብ የሆነው፣ አየር የማያስገባው ከረጢት ጥሩ ነው፤ ፒክስ ይሉታል። ውስጡ ያሉት ሁለት ላስቲኮች አንድ በአንድ ጥብቅ ተደርገው ይታሰራሉ። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። ቶሎ ቶሎ ከከፈታችሁት ግን ጥቅሙ ይቀራል።

እርጥብ እህል ከረጢት ውስጥ ከገባ ይሻግታል። መድረቁን ለማወቅ የምናደርገው እንዲህ ነው። ክዳን ያለው ደረቅ የብርጭቆ ማሰሮ ውሰዱ፤ የማርማላታ ዕቃ ይሆናል። ደረቅ ጨው እፍኝ አድርጉበት። እህሉን እስከ ግማሹ ጨምሩበትና ከድናችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ናጡት። ከዚያ ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ከቀረ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ፀሐይ ላይ መልሱት። ጨው ሳይጣበቅ ከታች ከተቀመጠ እሰሩት። ቅሬያችን ውስጥ እህል የምታቀርብ ሴት ሁሉ ይህን ሳታደርግ አታመጣም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ወፍጮን ነው። መብራት ከጠፋ የሰፈሩ ወፍጮ ይቆማል። ኩንታል ጤፍ ይዞ እንጀራ አለመብላት አለ። ስለዚህ ከምታስቀምጡት ውስጥ የተወሰነው ሳይፈጭ የሚበላ ይሁን፦ ለንፍሮ ስንዴና ባቄላ፣ ለቆሎ ገብስና ሽምብራ። በሶና ሽሮ ደግሞ ተፈጭተው ዝግጁ ይሁኑ። ዱቄት እንደ እህል ስለማይቆይ እየበላችሁ ተኩት። ድርቆሽም አትናቁ። የተረፈ እንጀራ ፀሐይ ላይ ደርቆ ንጹሕ ከረጢት ውስጥ ከገባ፣ ትንሽ ሙቅ ውሃና ወጥ ካገኘ ቤተሰብ ያበላል። በሰፈራችሁ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ የት እንዳለ፣ የእጅ ወፍጮ ማን ቤት እንዳለ አሁኑኑ ጠይቁ። የእጅ ወፍጮ ያላት ሴት ያን ጊዜ ከባለሱቅ ትበልጣለች።

ስለ ጓያ ደግሞ በጣም አስጠነቅቃለሁ። ዝናብ ሲጠፋ ጓያ ብቻውን ይቀራል። ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግር ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ከእህል ጋር ቀላቅሉት፤ እህሉ ብዙውን እጅ ይያዝ። ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉት። ከጓያ ሌላ የሌላት ቤት ካለች ቅሬው ቀድሞ ከሌላ እህል ሊለውጥላት ይገባል።

መለዋወጫ የሚሆነው

ለልውውጥ የሚሆን ነገር የማይበላሽ፣ በትንሽ በትንሹ የሚከፋፈልና ሁሉም ቤት የሚፈልገው ነው። ጨው፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ በርበሬ፣ ስኳር። ቡና ደግሞ በተለይ። ወሎ ውስጥ ቡና የሌለበት ቤት ሐዘን የገባበት ይመስላል። ጥሬ ቡና ያለው ሰው ሁሌም የሚለውጠው አያጣም። ሳይቆላ ይቀመጥ፤ የተቆላ ቶሎ ሽታውና ጣዕሙ ይጠፋል።

ሙያም ይለወጣል። ልብስ መስፋት፣ ጫማ መጠገን፣ በእንጨት እሳት እንጀራ መጋገር፣ ውሃ መቅዳት፣ የሰው ልጅ መጠበቅ። ገጠሩ በወንፈል፣ ተራ በተራ እየተጋገዘ፣ የሚያደርገውን እኛም ከተማ ውስጥ እናደርገዋለን። የስፌት መኪና ያላት ጎረቤቴ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፍታ ምስር ትወስዳለች።

ለእኔ ደስ የሚለው ግን የጾሙ ልውውጥ ነው። ቅሬያችን ክርስቲያንም እስላምም ነው። ሁዳዴ ሲገባ ላም ያላቸው ክርስቲያን ቤቶች ወተቱ ይተርፋቸዋል። ረመዳንም ከሁዳዴ ጋር በሚገናኝባቸው ዓመታት፣ ለማፍጠሪያ ወተት የሚፈልግ ቤት አጠገባቸው አለ። ወተቱ ወደዚያ ይሄዳል። በለውጡ ምስር፣ ሽሮ፣ ዘይት ይመጣል። ማንም አላዘዘም። አንዷ እናታችን "ልጄ፣ ወተቱ ከሚደፋ ያንቺ ልጆች ያፍጥሩበት" ብላ ጀመረችው። በመዝገብ የገባው በኋላ ነው። ሥጋን ግን ከልውውጥ ውጭ አድርገነዋል፤ የሁለቱም እምነት ሥርዓት ይከበራል።

ዋጋ እንዴት ይተመናል

ጠብ የሚነሣው እዚህ ላይ ነውና ቀስ ብላችሁ ሥሩ። እኛ ያለፈውን የገበያ ቀን ዋጋ እንይዛለን። የአንድ ጣሳ አተር ዋጋ የአንድ ጣሳ ማሽላን እጥፍ ከሆነ፣ አንድ ጣሳ አተር በሁለት ጣሳ ማሽላ ይለወጣል። ይህን ጽፈን ቡና የምንጠጣበት ቤት በር ላይ እንለጥፈዋለን። ገበያ ቢዘጋ እንኳ የመጨረሻው ዋጋ ይቀጥላል። "ዛሬ ጨው ጠፍቷል፣ ሦስት እጥፍ አምጪ" ማለት አይፈቀድም። ደንቡን በደህናው ቀን ተስማምታችሁ ከፈረማችሁ በክፉው ቀን የሚከራከር አይኖርም።

መስፈሪያው አንድ ይሁን። ጣሳ ሁሉ እኩል አይደለም። አንድ ጣሳ መርጣችሁ ቅሬው ጋ አስቀምጡ። እስከ አፉ ነው ወይስ ተቆልሎ የሚሰፈረው? ይህንንም ወስኑ። እኛ እስከ አፉ ሞልተን በእንጨት እናስተካክለዋለን። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ስንት ጉርብትና የሚበላሸው በዚህ ነው።

ዛሬ ወስዶ አዝመራ ሲገባ መመለስ ይቻላል። የተወሰደው በዚያው ጣሳ፣ ያለ ጭማሪ ይመለሳል። ወለድ በሁለቱም እምነታችን የተጠላ ነው፤ በእህል ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

የሚሰጠው ነገር የሌለው ቤትስ? አቅመ ደካማ አዛውንት፣ የታመመች፣ ሕፃናት ይዛ ብቻዋን የቀረች እናት። ከእያንዳንዱ ልውውጥ ጭብጥ ጭብጥ እህል ለእነሱ ይቀመጣል። ሲሰጣቸውም መዝገብ ላይ ስማቸው አይጻፍም። ይህን ሳታዘጋጁ ልውውጥ አትጀምሩ። ያለው ካለው ጋር ብቻ የሚገናኝበት ነገር ሰፈር አያቆይም።

የማይለወጥ ነገርም አለ። መድኃኒት አይለወጥም። ከሰው እጅ የተገኘ፣ ማሸጊያው የተቀደደ ኪኒን ማንም አይውሰድ። ግፊት፣ ስኳር ወይም አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ ትርፍ መጠን ስለመያዝና ያለ ፍሪጅ ስለማስቀመጥ ከሐኪሙ ጋር አሁን ይነጋገር።

ውሃ፣ እሳት፣ ወረቀት

አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ለአምስት ሰው መጠጥና ማብሰያ የሚበቃው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ቢያንስ ሦስት ሞልቶ ይቀመጥ። ውሃው ካጠራጠራችሁ አፍሉት። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል፤ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ኮምቦልቻ ላላችሁ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ማገዶ ከቸገረ ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ ተጠቀሙ፤ መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ።

ተቅማጥ የያዘው ልጅ ካለና ለተቅማጥ የሚበጠበጠው የፋርማሲው ኦአርኤስ ከሌለ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ማንኪያው አይቆለል። ጨው ከበዛ ይጎዳል። ልጁ ከደከመና መጠጣት ካቃተው ግን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ብርዱ ቢጠናም የከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

የልደት ሰርተፍኬት፣ የቤት ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃና መታወቂያ ኮፒያቸው ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልሎ አንድ ቦታ ይሁን። ዝርዝር ብርም አብሮ። ሁለት መቶ ብር ይዛችሁ የአሥር ብር ጨው ብትፈልጉ መልስ የሚሰጥ አይኖርም።

ለመጀመር ሦስት ቤት ይበቃል። በሚቀጥለው ቡና ላይ እያንዳንዷ ሴት ልትሰጥ የምትችለውን አንድ ነገርና የሚያስፈልጋትን አንድ ነገር ትናገር። መዝገቡ ላይ የምትጽፉት ያንን ብቻ ነው። ማን ቤት ስንት ኩንታል እንዳለ አትጻፉ፤ ያ ወረቀት ከማይሆን ሰው እጅ ቢገባ ቤቷን ያስዘርፋታል። መዝገቡንም ሁለት ሰዎች ይያዙት፣ ከሁለቱም እምነት። አንዷ ብትታመም ወይም ከሰፈር ብትወጣ ሌላዋ ትቀጥላለች።