የትምህርት ቤት ላይብረሪ ላይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየዓመቱ መስከረም ላይ አዳዲስ የላይብረሪ ሠራተኞች ይመደባሉ። ጥቂቶቹ በሙያው የሠለጠኑ ናቸው። የሚበዙት ግን ሌላ ሥራ ላይ ቆይተው አንድ ቀን ቁልፍ የተሰጣቸው ናቸው። እኔ ደሴና ኮምቦልቻ ባሉ ትምህርት ቤቶች እየዞርኩ ላይብረሪ በማደራጀት ነው የኖርኩት። ሠራተኛው ይቀያየራል፣ ስህተቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ለአዲሶቹም ለርዕሳነ መምህራኑም ልጻፈው።

ሌላውን ሁሉ ትታችሁ አንድ ስህተት ብቻ አርሙ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፦ መጽሐፍ ቆልፎ ማስቀመጥ። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄጄ የተረት መጻሕፍት የት እንዳሉ ጠየቅሁ። ሠራተኛዋ ጥግ ላይ ያለ የብረት ቁም ሣጥን ከፈተችልኝ። መጻሕፍቱ ከነካርቶናቸው ተቀምጠዋል። የታሰሩበት የላስቲክ ገመድ እንኳ አልተፈታም። የገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ ከላይ በስፒል ተያይዟል። የታችኛውን ካርቶን ጥግ አይጥ በልታዋለች። የዕረፍት ሰዓት ነበርና ግቢው በልጆች ተሞልቷል፤ ላይብረሪው ውስጥ ግን አንድም ልጅ የለም። "ለምን አላወጣሻቸውም?" አልኳት። "መምህር፣ አንድ ቢጠፋ እኮ ከደሞዜ ነው የሚቆረጠው" አለችኝ።

እሷን አልተቆጣኋትም፤ የምትፈራው እውነት ነው። የተቆጣሁት አሠራሩን ነው። መጽሐፍ እንደ ወንበርና እንደ ቁም ሣጥን በንብረትነት ይመዘገባል። ወንበር ሳይሰበር ከቆየ ተመስገን ነው። አምስት ዓመት ሳይገለጥ የቆየ የተረት መጽሐፍ ግን ለትምህርት ቤቱ ከጠፋ መጽሐፍ በምንም አይሻልም። የጠፋውስ ቢያንስ አንድ ልጅ ቤት ገብቶ ይሆናል። ኦዲተር ሲመጣ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ሁሉም ይደሰታል። ሁለተኛ ክፍል ያለችው ልጅ ደግሞ ከመማሪያ መጽሐፏ በስተቀር ምንም ሳታነብ ሦስተኛ ክፍል ትገባለች። ይህ ያናድደኛል። ሁልጊዜም ያናድደኛል።

የሕንዱ የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 አምስት ሕጎች አውጥቷል። የመጀመሪያው "መጻሕፍት ለአገልግሎት ናቸው" ይላል። ይህን ሲያብራራ ድሮ አውሮፓ ውስጥ መጻሕፍት በሰንሰለት ከመደርደሪያ ጋር ይታሰሩ እንደነበር ያነሳል። እኛ ሰንሰለቱን በብረት ቁም ሣጥን ተክተነዋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። መስከረም ላይ ርዕሰ መምህሩ፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱና ንብረት ክፍሉ ይቀመጡ። የልጆች መጻሕፍት ማርጀታቸውና አንዳንዱም መጥፋቱ እንደማይቀር ተነጋግረው፣ በዓመቱ መጨረሻ እንዴት እንደሚወገዱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ሠራተኛው ከደሞዝ ስጋት ይውጣ። ለማዋስ አንድ ደብተር ይበቃል፦ ስም፣ ክፍል፣ የመጽሐፉ ርዕስ፣ የወጣበትና የተመለሰበት ቀን። ልጆቹን ወደ ቤት ይዘው እንዲሄዱ መፍቀድ ለጊዜው ካስፈራ፣ በየክፍሉ አንድ ካርቶን መጽሐፍ አስገቡ። የክፍል አለቃው ይረከብ። በየሁለት ሳምንቱ ካርቶኑ ወደሚቀጥለው ክፍል ይዙር። ልጆች ተራቸውን እየጠበቁ መጽሐፍ ያስጠፋባቸውን ጓደኛ ራሳቸው ነው የሚያፋጥጡት።

ሁለተኛው፣ ተማሪን ለቅጣት ላይብረሪ መላክ። ይቅር። ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሰዓቱም ችግር ነው። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ላይብረሪው ክፍት ነው፤ ለዕረፍትና ለምሳ ሲወጡ ደግሞ ሠራተኛውም ምሳ ሊበላ ይዘጋል። ምሳችሁን ከልጆቹ ቀደም ብላችሁ ወይም ዘግይታችሁ ብሉ። ብቻችሁን ከሆናችሁ የንባብ ክበብ አቋቁሙና ከፍ ያሉ ተማሪዎች ተራ ገብተው ይዋሉ። አምናችሁ ስጧቸው፣ አያሳፍሯችሁም።

አሁን አሁን የበዛው ስህተት ላይብረሪውን የፈተና መዘጋጃ ብቻ ማድረግ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ውጤት ወላጁንም መምህሩንም አስደነገጠ። ከዚያ በኋላ መደርደሪያው በጥያቄና መልስ መጻሕፍት ተሞላ፣ ልብ ወለዱ ወደ ኋላ ተገፋ። አንዳንድ ቦታ ልብ ወለድ የሚያነብ ተማሪ "ሥራ ፈት" ይባላል። እኔ ግን የማየው ሌላ ነው። አንድ አንቀጽ ጥያቄ አንብቦ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው የሚጠፋበት ልጅ፣ ስንት የጥያቄ መጽሐፍ ቢሸመድድ አይወጣውም። የንባብ ጉልበት የሚመጣው ብዙ በማንበብ ነው፤ ብዙ የሚነበበው ደግሞ ደስ የሚል ነገር ሲገኝ ነው።

ጃፓኖች ፈተና ከእኛ በላይ ይፈራሉ። ግን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ላይብረሪ እንዲኖረው እ.ኤ.አ. በ1953 በሕግ ደነገጉ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ቺባ በሚባለው ግዛት ያለ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት የ10 ደቂቃ ንባብ ጀመረ። ደንቡ አራት ነው፦ ሁሉም ያነብባል፣ በየቀኑ ይነበባል፣ የሚወዱት መጽሐፍ ይነበባል፣ ከማንበብ ውጪ ምንም አይጠየቅም። ማጠቃለያ ጽፈህ አምጣ የለም፣ ማርክ የለም። መምህሩም አብሮ ያነብባል። ይህ አገር አቀፍ ልማድ ሆነ። እኛስ ከሰልፍ በኋላ 10 ደቂቃ እናጣለን?

ስጦታን ሳይመርጡ መቀበልም አለ። በ2014ቱ ጦርነት በአካባቢያችን ብዙ ትምህርት ቤት ተዘርፏል፣ ተጎድቷል። ከዚያ በኋላ ደግ ሰዎች መጽሐፍ ሰብስበው ላኩ፤ እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን አራተኛ ክፍል ድረስ ብቻ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ (አካውንቲንግ) መማሪያ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተደርድሮ አይቻለሁ። ልጁ ይገልጠዋል፣ አይገባውም፣ መጽሐፍ ማለት ይህ ነው ብሎ ይሄዳል። ሰጪ ሲመጣ አትፈሩ። ስንተኛ ክፍል እንደምታስተምሩ፣ በምን ቋንቋ እንደምትፈልጉ ጽፋችሁ ስጡት። የማይሆነውን ለሚሆነው ትምህርት ቤት አስተላልፉ። የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ጠፋ ለምትሉ ደግሞ፣ አፍሪካን ስቶሪቡክ እና ስቶሪዊቨር የተባሉት ድረ ገጾች ላይ በነፃ አትማችሁ ልትጠቀሙባቸው የምትችሏቸው ተረቶች አሉ፤ የአማርኛም አላቸው። ፕሪንተርና ስቴፕለር ያለው ትምህርት ቤት የራሱን መጽሐፍ መሥራት ይችላል።

አደራደር ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥመኛል። አንዱ በመጽሐፉ ቁመት ይደረድራል፤ ሲያዩት ያምራል፣ ሲፈልጉት አይገኝም። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1876 የወጣውን፣ መጻሕፍትን በየትምህርት ዘርፋቸው በቁጥር የሚመድበውን የዲዊ ቁጥር ከነነጥቡ ካልጻፍኩ ብሎ ዓመቱን ሙሉ ላይብረሪውን ሳይከፍት ይቀራል። ለሁለተኛ ደረጃ ሦስቱ አኃዝ ይበቃሉ፦ 510 ሒሳብ፣ 530 ፊዚክስ፣ 540 ኬሚስትሪ፣ 963 የኢትዮጵያ ታሪክ። ለትንንሾቹ ቁጥሩም ይቅር። በመጽሐፉ ጀርባ ባለ ቀለም ፕላስተር ለጥፉ፣ ቀላሉ አረንጓዴ፣ ከበድ ያለው ቢጫ።

ለርዕሳነ መምህራን አንድ ነገር። ክፍል ውስጥ አልሆን ያለውን መምህር ላይብረሪ አትመድቡ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኔስኮና የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን መግለጫ፣ ላይብረሪውን የሚያቅደውና የሚመራው በሙያው የሠለጠነ ሰው መሆን እንዳለበት ይናገራል። የሠለጠነ ካጣችሁ እንኳ የሚያነብ ሰው ፈልጉ። መጽሐፍ የሚወድ ዘበኛ ከማይወድ ዲግሪ ያለው ይሻላል። እንዲህ ያለ ሰው ልጅ ሲገባ "ምን ፈለግህ?" ብሎ አያባርረውም፣ "ያለፈውን ወደድከው?" ይለዋል።

የመጨረሻው የአየሩ ነገር ነው። ደሴ ክረምቱ ጭጋግና እርጥበት ነው። መደርደሪያ ግድግዳ ላይ ካጣበቃችሁ መጽሐፉ ይሻግታል። አንድ ስንዝር ያህል አርቁት፣ የታችኛውንም ረድፍ ከወለሉ ከፍ አድርጉት። የሻገተውን ለዩና ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ አድርቁ፣ ውጭ ወጥታችሁ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። ኮምቦልቻ ላይ ጠላቱ ፀሐይና አቧራ ነው፤ መደርደሪያው መስኮት ፊት ለፊት አይሁን። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቁልፉን ይዛችሁ አትጥፉ። ለዘበኛው ስጡትና ፀሐይ በወጣ ቀን መስኮቱን ይክፈት።