የጉልበት ጅማት ቀዶ ጥገና የተደረገላት ታዳጊ ጂምናስት፦ ቤተሰብና አሠልጣኝ የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ጂምናስት ከዝላይ ስታርፍ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ከተጠመዘዘ፣ ኤሲኤል የሚባለው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ሊበጠስ ይችላል። ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ ያለው ሥራ ረጅም ነው፤ የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ እቤት ነው።

ከጉልበት ሥር ትራስ ማድረግ። ይመቻል፤ ጥፋቱም እዚያ ላይ ነው። ታጥፎ የከረመ ጉልበት ጠባሳ ይይዘውና መዘርጋት ያቅተዋል፤ ከዚያ ልጅቷ ታነክሳለች፣ የፊት ጭኗም ይሰልላል። ትራሱን አውጡና የተጠቀለለ ፎጣ ከተረከዟ ሥር አድርጉ። ጉልበቷ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይዘርጋ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በቀን ደጋግማ። መዘርጋቱን ለማየት በሆዷ ተኝታ እግሮቿን ከጉልበት በታች ከአልጋው ጫፍ ታውጣ። የተጎዳው እግር ተረከዝ ከሌላው ከፍ ካለ ገና አልተዘረጋም።

እብጠትን መናቅ። ያበጠ ጉልበት የፊት ጭን ጡንቻን ያሰንፋል፤ ስለዚህ እያበጠ የሚሠራ ልምምድ ጥንካሬ አይጨምርም። ጠዋት ላይ ካበጠ የትናንቱ ሥራ በዝቷል ማለት ነው፤ ቀንሱ። በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዝ። ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸት ግን አይሞከር። ባቷ አብጦ ካመማትና ከሞቀ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።

«አያመኝም» ስትል መልቀቅ። ከባዱ ስህተት ይሄ ነው። በቀዶ ጥገናው በተበጠሰው ፋንታ የተተከለው ጅማት ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ራሱን እንደ አዲስ ሲሠራ ይደክማል። ሕመሙ የሚጠፋው ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው፤ ልጅ ደኅና ነኝ ብላ ትዘላለች።

ቀን ብቻ መቁጠር። ከ9 ወር በፊት ወደ ሙሉ ልምምድ መመለስ ዳግም የመጎዳት አደጋን ይጨምራል፤ 9 ወር መሙላቱ ብቻውን ግን ፈቃድ አይደለም። በአንድ እግር አዘልላችሁ በሜትር ለኩ፦ ጤነኛው 120 ሴንቲሜትር ከዘለለ የተጎዳው ቢያንስ 108 መድረስ አለበት፣ 90 በመቶ ማለት ነው። ጤነኛው እግርም ተቀምጦ ስለሚሰንፍ ልኬቱ ሊያታልል ይችላል። ስታርፍ ከፊት ሆናችሁ እዩ፤ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ከገባ ቁጥሩን እርሱት።

አጥንቷ እያደገ ከሆነ የእግሮቿ ርዝመት እኩል መሆኑን ሐኪሙ እየተከታተለ ያያል።

ከጂም ማራቅም ስህተት ነው። ክንዷንና ሆዷን ማሠራት ትችላለች፤ መዝለልና ከመሣሪያ ዘላ መውረድ ግን ይከልከል። ብራዚላዊቷ ጂምናስት ሬቤካ አንድራዴ እ.ኤ.አ. በ2015፣ በ2017 እና በ2019 ይኸው ጅማት ተበጥሶባት ነበር፤ በቶኪዮ ኦሎምፒክ በቮልት (ሮጦ በመሣሪያ ላይ ተሻግሮ በመዝለል)፣ በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ በወለል ልምምድ ወርቅ ወስዳለች።

ሲመለሱ ቅደም ተከተሉን መዝለል። መጀመሪያ በሁለት እግር ከ20 ሴንቲሜትር ሣጥን ላይ ማረፍ፣ ቀጥሎ ከፍታ መጨመር፣ ከዚያ በአንድ እግር። በአየር ላይ ዞሮ ማረፍ ጅማቱን ስለሚጠመዝዝ የመጨረሻው ነው።