ዜድ3 ችግር የለውም ያለው ኮድ ኔጌቲቭ ኢንዴክስ ሲያወጣ እንዴት እንደፈታሁት

ባይነሪ ሰርች (በቅደም ተከተል የተደረደረ ዝርዝርን መሃል መሃሉን እያዩ መፈለግ) ላይ መሃሉን የምታሰላዋ መስመር፣ ሎው እና ሃይን (የሚፈለግበትን ክፍል መጀመሪያና መጨረሻ ኢንዴክስ) ደምሮ ለ2 ማካፈል፣ ዜድ3 (ኮድ ትክክል መሆኑን በሒሳብ የሚፈትሽ መሣሪያ) ላይ ስትፈተሽ "አንሳት" ነው የሚለው፣ ማለትም የሚያፈርሳት ቁጥር የለም። ፕሮግራሙ ግን ትልቅ ቁጥር ሲገባለት ኔጌቲቭ ኢንዴክስ ይተፋል።

ለካ ጉዱ ሞዴሉ ላይ ነው፤ ቫሪያብሎቹ በኢንት ነው የተገለጹት፣ የዜድ3 ኢንት ደግሞ የሒሳብ ኢንቲጀር ስለሆነ ወሰን ምናምን አያውቅም፣ ማሽኑ ጋር ያለው ግን 32 ቢት ነው። ወደ ባለ 32 ቢት ቢትቬክተር (እንደ ማሽኑ ወሰን ያለው ቁጥር) ስቀይራቸው ወዲያው "ሳት"፣ ማለትም የሚያፈርሳት ቁጥር አለ፣ ብሎ ምሳሌ አወጣልኝ። በእጅ ለማየት ሁለቱም 1073741824 ይሁኑ፣ ድምሩ 2147483648 መሆን ሲገባው ዞሮ -2147483648 ይሆናል፣ ግማሹ -1073741824፣ በቃ ይኸው ኔጌቲቩ።

ኮዱን መጀመሪያ ሃይ ሲቀነስ ሎው፣ እሱን ለ2 አካፍሎ ሎው ላይ መደመር አደረግኩትና ድጋሚ ሳስኬደው አንሳት። ሎው ከዜሮ በታች አይሆንም የሚለውን ገደብ ግን እንዳትረሱ፣ ያለሱ ቅነሳውም ኦቨርፍሎው ያደርጋል (ወሰኑን አልፎ ይዞራል)።

ሌላ የሚያናድድ ነገር፣ ከፓይተን ስትጠቀሙ ቢትቬክተር ላይ የ"<" ምልክት የሚያወዳድረው ሳይንድ አድርጎ፣ ማለትም ኔጌቲቭንም ቆጥሮ ነው (ማን ይጠረጥራል!)፣ አንሳይንድ (ኔጌቲቭ የሌለው) ከፈለጋችሁ ዩኤልቲ የሚባለውን ፈንክሽን ተጠቀሙ።