የታው ጂን ውጤት ሲደርሳችሁ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ጥቁር አንበሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ማዘዣ ብቻ አይደለም የሚያነበው፤ ስልክም ይዘረጋለታል። ውጭ ያለ ወንድም የዘረመል ምርመራ ያደርግና ውጤቱን በቴሌግራም ይልካል። ቤተሰቡ «ኤምኤፒቲ» እና «ዲሜንሺያ» (የመርሳት በሽታ) የሚሉትን ሲያይ ሌላውን ሳያነብ ይደነግጣል።

የጂኑን ስም እንደ በሽታ ስም መቁጠር። ኤምኤፒቲ ሁላችንም 17ኛው ክሮሞሶማችን ላይ ያለን ጂን ነው። ታው የተባለው ፕሮቲን የሚሠራው በእሱ ትእዛዝ ነው፤ ታው ደግሞ በነርቭ ሴል ውስጥ እንደ ሐዲድ የተዘረጉትን ጥቃቅን ቱቦዎች አጽንቶ ይይዛል። በአልዛይመር ጊዜ ታው እየተቋጠረ አንጎል ውስጥ ይከማቻል፤ ይህ የሚሆነው ግን ጂኑ ተበላሽቶ አይደለም። በ1998 የታወቁት የዚህ ጂን ጎጂ ሚውቴሽኖች (የጂን ለውጦች) የሚያስከትሉት ሌላ ዓይነት ዲሜንሺያ ነው፤ የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍል ያጠቃል። ብዙ ጊዜ ከ65 ዓመት በፊት ይጀምራል፤ ከመርሳቱ ቀድሞም ጠባይ ይለወጣል፤ ጨዋ የነበረ ሰው አፉ እንዳመጣለት መናገር ይጀምራል።

በጂን ፊደላት ላይ የታየ ልዩነት ሁሉ ጎጂ ነው ማለት። ከ2015 ጀምሮ ላብራቶሪዎች ልዩነቶችን በአምስት ይከፍላሉ፦ ጉዳት የሌለው፣ ጉዳት የሌለው የሚመስል፣ ያልለየለት፣ ጎጂ የሚመስል፣ ጎጂ። «ቢናይን» የሚባለው የመጀመሪያው ነው። በጤነኞች ላይ በብዛት መገኘቱን የመሰለ ማስረጃ ታይቶ የሚሰጥ ፍርድ ነው። «መቼ ነው ወደ መጥፎ የሚለወጠው?» የሚሉኝ አሉ፤ «ቢናይን» ከሚባል እጢ ጋር እያምታቱት ነው። «ያልለየለት» ከተባለም አትደንግጡ። የእኛ ሰው ዘረመል በዓለም የመረጃ ቋቶች ውስጥ ጥቂት በመሆኑ ይህ መልስ እኛ ላይ መብዛቱ አይገርምም።

ቤት ውስጥ ከሚሠራ የዘረመል መመርመሪያ ኪት የወጣን ጥሬ ዳታ ማመን። በሕክምና ላብራቶሪ ሳይረጋገጥ ምንም አትወስኑበት።

«ቢናይን»ን እንደ ነጻ ወረቀት መያዝ። እኔን የሚያሳስበኝ ከሁሉም በላይ ይህ ነው። አንዲት ደንበኛ የእናቷን የአምሎዲፒን ባዶ ፓኬት ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣ «የወንድሜ ውጤት ነጻ ነው ተብሏል፤ እማዬም ነጻ ናት ማለት ነው? የግፊቱን ኪኒን ብታቆመውስ?» አለችኝ። «እህቴ፣ ወረቀቱ የወንድምሽ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚናገረው ስለ አንዲት የጂን ፊደል ብቻ ነው» አልኳት። ስለ እናቷ ምንም አይልም። ዕድሜ አለ፣ አፖኢ4 የሚባል የሌላ ጂን ዓይነት አለ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ የጆሮ መድከም አለ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ግምት፣ ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ምክንያቶች ቢወገዱ 45 በመቶ ያህሉን ዲሜንሺያ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል። የደም ግፊት ከ14ቱ አንዱ ነው። ኪኒኑን አላስቆምኳትም።

መርሳትን ሁሉ በዘር ወይም በእርጅና ማሳበብ። «ጃጅተዋል» ተብለው ቤት የሚቀመጡ አሉ፤ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ድብርት ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ የስኳር ታማሚ ቢ12ው ሊወርድ ይችላል። ከጎረቤት የተገኘ የእንቅልፍ ኪኒን ወይም እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ መድኃኒትም አዛውንትን ያደናግራል። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ሪፖርቱን ብቻ አትያዙ፤ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ጭምር፣ በፌስታል አድርጋችሁ ውሰዱ።